«ቪ» እና «ኢ»፦ ሁለት ፊደል የከፈቱት መሳቢያ

አሜሪካ ውስጥ ቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ ባለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2017 የ75 ዓመት ታካሚ ፔት ስካን (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ምርመራ) ሊነሡ ይጠብቁ ነበር። ጠባብ ቦታ ስለሚያስጨንቃቸው ቨርሰድ ታዘዘላቸው። ቨርሰድ የንግድ ስም ነው፤ የመድኃኒቱ ዋና ስም ሚዳዞላም ሲሆን ሰውን ያረጋጋል፣ ያስተኛል። ነርሷ መድኃኒት የሚያወጣው ማሽን ዘንድ ሄዳ የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ነካች፦ ቪ፣ ኢ። ማሽኑ የሚፈልገው በዋናው ስም ነበርና ቨርሰድን አላሳያትም። ማረጋገጫውን የሚያልፈውን ቁልፍ ተጭና እነዚያኑ ሁለት ፊደላት ደገመች። ፊት ለፊት የመጣው ቬኩሮኒየም ነበር፤ እሱን መረጠች።

ቬኩሮኒየም ጡንቻን ያሽመደምዳል፣ የመተንፈሻ ጡንቻንም ጭምር። የሚሰጠው በማሽን እየተነፈሰ ላለ ወይም ወዲያው በማሽን ሊተነፍስ ለተዘጋጀ ሰው ብቻ ነው። ስሙ ሳይነበብም ቢሆን የሚያስጠነቅቅ ነገር ነበረው፤ ቨርሰድ ፈሳሽ ሆኖ ሲመጣ ቬኩሮኒየም ግን ዱቄት ነው፣ መበጥበጥ አለበት። ክዳኑ ላይም እንደሚያሽመደምድ ተጽፏል። ታካሚዋ በማግስቱ አረፉ። ነርሷ ስህተቷን ራሷ ተናገረች፤ በ2022 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሏት የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ወሰነባት።

በእንግሊዝኛው ፊደል ቨርሰድ ስድስት፣ ቬኩሮኒየም አሥር ፊደል ነው። የሚገናኙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ብቻ ነው፤ ሦስተኛው በአንዱ «አር»፣ በሌላው «ሲ» ነው። አንድ ፊደል ቢጨመር ኖሮ ቬኩሮኒየም ከዝርዝሩ ይወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ደህንነት ባለሙያዎች ማሽኑ ቢያንስ አምስት ፊደል ሳይጻፍለት ስም እንዳያሳይ መክረዋል።

አምስትም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም። ሃይድራላዚን የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ በእኛም አገር ነፍሰ ጡር ሴት ግፊቷ ክፉኛ ሲያሻቅብ በመርፌ ይሰጣል። ሃይድሮክሲዚን ደግሞ ለማሳከክና ለጭንቀት ነው። ሁለቱም አሥራ አንድ ፊደል አላቸው፤ ከእነዚያ ስምንቱ በየቦታቸው አንድ ናቸው፣ የሚለያዩት መሐል ያሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። አምስተኛው ፊደል ይለያቸዋል፣ እሺ። ሃይድሮክሲዚን፣ ሃይድሮኮርቲሶን እና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሲደረደሩ ግን አምስቱም ፊደል አንድ ነው። ለዚህ ነው በመደርደሪያና በስክሪን ላይ የሚለያየውን ክፍል ብቻ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ የተለመደው።

የመድኃኒት ስም ምሥጢሩ ከራስጌው ይልቅ ከግርጌው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1953 ጀምሮ በሚያወጣቸው የስም ዝርዝሮች ተመሳሳይ ሥራ ያላቸው መድኃኒቶች የጋራ መጨረሻ እንዲኖራቸው ያደርጋል። ኢናላፕሪል እና ካፕቶፕሪል በ«ፕሪል»፣ አቴኖሎል እና ፕሮፕራኖሎል በ«ኦሎል»፣ አምሎዲፒን እና ኒፌዲፒን በ«ዲፒን» ያልቃሉ፤ ሦስቱም ቤተሰቦች ግፊት ይቀንሳሉ፣ መንገዳቸው ግን ይለያያል። «ኩሮኒየም» የሚለው መጨረሻ ኩራሬ ከሚባለው የደቡብ አሜሪካ የቀስት መርዝ ስም የመጣ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው «ኩር» የሚለውን ድምፅ ስሙ ውስጥ ሲያይ እጁን ይሰበስባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «አዞል» ላይ ነው። «አዞል» ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከፊቱ ያሉትን ፊደላት አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ኦሜፕራዞል የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል፣ ሜትሮኒዳዞል ለአሜባና ለጃርድያ ነው፣ ፍሉኮናዞል ለፈንገስ፣ አልቤንዳዞል ለሆድ ትላትል። በ«ፕራዞል» አለቀ ተብሎም የጨጓራ ነው ማለት አይቻልም፤ አሪፒፕራዞል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው። እዚያ «ፒ» እና «አይ» ከፊቱ ተጨምረዋል፤ እነሱን የዘለለ ዓይን ይሳሳታል።

አማርኛችን ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ስትሬፕቶማይሲን በእንግሊዝኛ መጨረሻው ላይ «ዋይ» አለው፣ ምንጩ ስትሬፕቶማይሲስ የተባለ ባክቴሪያ ነውና። ጄንታማይሲን የመጣው ማይክሮሞኖስፖራ ከተባለ ሌላ ባክቴሪያ ስለሆነ በ«አይ» ይጻፋል። በፊደላችን ሲጻፉ ሁለቱም «ማይሲን» ናቸው፣ ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ በመዝገብና በማዘዣ ላይ ስሙን በላቲን ፊደል መጻፍ ይሻላል። በስልክ ትእዛዝ ሲመጣም ተቀባዩ መጀመሪያ ይጻፈው፣ ከዚያ ስሙን፣ ፊደሉን፣ የተሰጠበትንም ምክንያት መልሶ ያንብበው፦ «ሃይድራላዚን፤ ኤች፣ ዋይ፣ ዲ፣ አር፣ ኤ፣ ኤል፤ ለደም ግፊት።» አዛዡ «አዎ» ሳይል መሳቢያው አይከፈትም።