ሲንግል ሞልት ውስኪ ይዛችሁ ጅማ ለምትገቡ

ጠርሙሱን ከሻንጣ ከማውጣታችሁ በፊት ቤቱን እወቁ። ጅማ አልኮል የማይገባበት ቤት ብዙ ነው፤ ለእነሱ ሌላ ስጦታ ያዙ።

የሚቀምስ ዘመድ ካለ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከብላክ ሌብል በምን ይለያል?» ብሎ ነው። ብላክ ሌብል ቅልቅል ነው፤ የብዙ ፋብሪካዎች ሞልት (የብቅል ውስኪ) ከሌላ እህል ከወጣ ውስኪ ጋር ይደባለቃል። የስኮትላንድ ሲንግል ሞልት ግን ከገብስ ብቅል ብቻ በአንድ ፋብሪካ ይወጣል፣ በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ይቆያል፣ ሲታሸግም ከ40 በመቶ አይወርድም። ጠርሙሱ ላይ 12 የሚል ካለ ውስጡ ካለው ውስኪ ሁሉ የትንሹ ዕድሜ በዓመት ነው።

ሰዓት ምረጡ። ቡና እየተቆላ፣ ዕጣን እየጨሰ ውስኪ ማሽተት ከንቱ ድካም ነው። አዋዜ የነካ ምላስም የአልኮሉን ማቃጠል ያባብሰዋል። ከምሳ ራቅ ብሎ፣ ቡናው ሳይቀርብ፣ 10 ሰዓት አካባቢ ይሻላል።

መለኪያ አፉ ክፍት ስለሆነ ሽታ አይዝም፤ ብርሌ ደግሞ አንገቱ አፍንጫ አያስጠጋም። አፉ ጠበብ ያለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይበቃል። 25 ሚሊ ሊትር ቅዱ። በእኛ አገር ይህ ስስት ስለሚመስል ገና ሳትቀዱ ተናገሩ፤ አለበለዚያ «ሙላው እንጂ!» መባሉ አይቀርም።

ብርጭቆውን ከአገጭ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ አፍንጫ አምጡ፤ አፋችሁን ገርበብ አድርጉት። ከቆነጠጣችሁ ራቅ አድርጉት። የመጀመሪያዋ ጉንጭ ምላስን ከአልኮሉ ማለማመጃ ናት፤ ፍርዱ በሁለተኛው ነው። ጅማ የቡና ቅምሻ የለመደ ሰው አይጠፋምና አስጠንቅቁት፦ ቡናን በማንኪያ በኃይል እንደሚስበው ውስኪውን ከሳበው ሳል ይይዘዋል።

ቀጥሎ ውሃ። የቧንቧው ክሎሪን ስለሚሸት የታሸገ ውሃ በሻይ ማንኪያ ግማሽ ጨምሩና እንደገና አሽቱ። በርበን (የአሜሪካ ውስኪ) የነበረበት በርሜል ቫኒላ፣ ሼሪ (የስፔን ጠንካራ ወይን) የነበረበት ዘቢብና የደረቀ ፍሬ ይሰጣል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ውሃ ከነካው በኋላ ይበልጥ ይወጣል። ውሃው ከበዛ ግን ጣዕሙ ይሳሳል፣ በረዶ ደግሞ ሽታውን ይዘጋዋል። ኮካ ለሚፈልግ ብላክ ሌብሉን ስጡት።

ሁለት ጠርሙስ ካለ ለስላሳው ይቅደም፤ ግሌንሊቬት 12 በፊት፣ ላጋቩሊን 16 ኋላ። ላጋቩሊን የስኮትላንዷ የአይላ ደሴት ነው፤ የጭስ ሽታው ብቅሉ ሲደርቅ ከሥሩ ከሚነደው ፒት ከሚባል የደረቀ የረግረግ አፈር ይመጣል፣ ምላስ ላይም ይቆያል። በወይራ የታጠነ ጮጮ የሚያውቅ ሰው ጭሱን አይፈራውም፤ የሚያስደነግጠው መድኃኒት መሳይ ሽታው ነው።

የተረፈውን አቁማችሁ ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከተጋደመ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ከግማሽ በታች ከሆነም አየሩ በወራት ውስጥ ስለሚያደክመው ወደ ትንሽ ንጹሕ ጠርሙስ ገልብጡት።