የሰማይ ቦቴዎች፦ የ55ኛውን ስኳድሮን ታሪክ በነዳጅ ሂሳብ እንዴት እንደጻፍኩት

የእንግሊዝ አየር ኃይል 55ኛ ስኳድሮን የተመሠረተው በ1916 ነው (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለብዙ ዘመን ቦምብ ጣይ ሆኖ ቆይቶ በ1965 እንግሊዝ ውስጥ በሚገኘው የማርሃም አየር ሰፈር አየር ላይ ነዳጅ ቀጂ ሆነ። ታሪኩን ስጀምር የያዝኩት የአዛዦችንና የሜዳሊያዎችን ተራ ነበር፤ አላስኬደኝም። የቦቴ ሥራ ሌላውን ማድረስ ነው። ስለዚህ ነዳጁን ተከተልኩ፦ ማን ለማን ቀዳ፣ የት፣ ስንት?

የስኳድሮኖች መዝገብ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ኤር 27» በሚለው ምድብ ይገኛል። ፎርም 540 ወሩን ጠቅለል አድርጎ ይተርካል፤ ፎርም 541 እያንዳንዱን በረራ ይዘረዝራል። ከ541 ጀምሩ።

መሣሪያውን ሳያውቁ መዝገቡን ማንበብ ያሳስታል። ቀድሞ ይቀዱ የነበሩት ቫሊያንት የተባሉ አውሮፕላኖች የክንፋቸው ተሸካሚ ብረት በድካም ስለተሰነጠቀ በጥር 1965 ከሥራ ወጡ፤ ቪክተር የተባሉ አውሮፕላኖች በጥድፊያ ተተኩ። የመጀመሪያዎቹ በየክንፋቸው አንድ አንድ የነዳጅ መቅጃ ጎማ (ረጅም ቱቦ) ብቻ ነበራቸው። ከባድ አውሮፕላን ከክንፍ ጀርባ መጠጋት ስለማይመቸው የሚቀዱት ለተዋጊ ጄቶች ነበር። ለቦምብ ጣይ መቅዳት የተቻለው ከሆድ ሥር የሚወርደው ሦስተኛው ጎማ ሲጨመር ነው።

ከባዱ ምዕራፍ ሚያዝያ 30 ቀን 1982 አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ካለችው አሴንሽን ደሴት ተነስቶ አርጀንቲና ይዛው የነበረውን የፎክላንድ ደሴቶች አውሮፕላን ማረፊያ የደበደበው በረራ ነው። 11 ቪክተሮችና ቫልካን የተባሉ 2 ቦምብ ጣዮች ተነሱ፤ መሪው ቫልካን መስኮቱ አልዘጋ ብሎ ስለተመለሰ ተጠባባቂው ኤክስኤም607 ቀጠለ። ኤክሴል ላይ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ረድፍ ሰጠሁ፦ የጭራ ቁጥር፣ የተነሳበት ሰዓት፣ የሰጠው፣ የተቀበለው፣ የቀረው፣ የተመለሰበት ቦታ። በስኳድሮን ሳይሆን በጭራ ቁጥር መከተል ግድ ነው፤ 57ኛውም ስኳድሮን በቪክተሮቹ ስለተሳተፈ ሁሉን ለ55ኛው መስጠት ሐሰት ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚበዛው ስህተት አንዱን ነዳጅ ሁለቴ መቁጠር ነው። ቪክተር ለቪክተር ቀድቶ ይመለሳል፤ የተቀበለው ደግሞ ለቫልካኑ ይቀዳል። አንደኛው ለሁለተኛው 40,000 ፓውንድ ቢሰጥና ሁለተኛው ከዚያው ላይ 30,000 ለቫልካኑ ቢያቀብል፣ ድምሩ 70,000 አይደለም። ከደሴቱ የወጣው 40,000 ብቻ ነው። የተሰጠውና የተቀበለው ድምር እኩል ካልመጣ አንድ ረድፍ ተዘሏል ማለት ነው። መለኪያውም በክብደት ይሁን፤ ጋሎን የእንግሊዝ ከሆነ 4.546 ሊትር፣ የአሜሪካ ከሆነ 3.785 ነው።

ሂሳቡ ትረካውንም ያስተካክላል። በመጨረሻው ቅብብል፣ ማዕበል ውስጥ፣ ከቪክተሩ ኤክስኤል189 ይቀበል የነበረው የሌላው ቪክተር የኤክስኤች669 መቀበያ ቱቦ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ መቀበል ስለማይችል ኤክስኤል189 የሰጠውን ነዳጅ መልሶ ወሰደ። የተሰበረው ጫፍ በኤክስኤል189 መቅጃ ጎማ ጫፍ ላይ ባለው ቅርጫት መሰል መያዣ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል ተብሎ ስለተፈራ ቫልካኑ ተጠግቶ በባትሪ ብርሃን አየው፤ ከዚያም ለሙከራ 5,000 ፓውንድ ተቀበለ። ኤክስኤል189ን ያበረረው ቦብ ተክስፎርድ ለቫልካኑ ሲቀዳ ለራሱ አሴንሽን የሚያደርሰው አልቀረውም። ቦምቡ መውደቁ እስኪሰማ ድረስ ሬዲዮውን አልከፈተም። «የቀረው» በሚለው ዓምድ ላይ ያቺ ቁጥር ከማንኛውም ሜዳሊያ በላይ ትናገራለች ብዬ አምናለሁ።

ሰዓትም ያሳስታል። መዝገቡ የሚጻፈው በዙሉ ሰዓት (በግሪንዊች ሰዓት) ነው፤ የአሴንሽን ሰዓትም ያው ነው፣ የፎክላንድ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ለምሳሌ በሚያዝያ 30 የተጻፈ 23:00 በእኛ አቆጠራ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው (የቦታ ሰዓት ልዩነት ሳይጨመር)፤ ቦምቡ የወደቀው ግን ግንቦት 1 ተብሎ ይመዘገባል። በኛ ዘመን አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ቀን 1974 ስለሆነ፣ የወር ስም ብቻ ጽፎ ማለፍ አንባቢን ያምታታል። ሁሉንም በዙሉ ጻፉና መጨረሻ ላይ ብቻ ለውጡ።

57ኛው በ1986 ቪክተሮቹን አስረከበ። 55ኛው በ1991 ከባህሬን፣ ሙሃራቅ ሆኖ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ከቀዳ በኋላ ጥቅምት 1993 ቪክተሮቹን አሳረፈ፤ ሠንጠረዡም እዚያ ያበቃል።