ሰኔ 23፦ ሳይቆጠር የተፈረመ ርክክብ

ዛሬ ሰኔ 23 ነው፤ በፈረንጆቹ ጁን 30። ኮንጎ ከቤልጂየም ነፃ የወጣችው በዚህ ዕለት በ1952 ዓ.ም.፣ እነሱ 1960 በሚሉት ዓመት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖች በፈረንጆቹ ናቸው።) ይህ ቀን በመጣ ቁጥር የሚመላለስብኝ አንድ የመሥሪያ ቤት ቃል ነው፦ ርክክብ። መጋዘን የሚለቅ ሰው ቁልፍ ወርውሮ አይሄድም። ንብረቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የጎደለው ይመዘገባል፣ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርማሉ። ከቤልጂየም ከ75 እጥፍ በላይ የሚሰፋው አገር ግን ፊርማውን አኖረ እንጂ ቆጠራውን አላየም።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ ለጥድፊያው ይሰጠዋል። ጥድፊያ መኖሩ አይካድም። ቫን ቢልሰን የተባለ ቤልጂየማዊ ምሁር በ1955 መጨረሻ የ30 ዓመት የነፃነት ዕቅድ ሲያወጣ የአገሩ ሰዎች በጣም ፈጠነ ብለው ነበር የተቆጡት። በጃንዋሪ 1959 ሌዎፖልድቪል፣ የዛሬዋ ኪንሻሳ፣ በአመፅ ተናወጠች። በዓመቱ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1960፣ ብራስልስ ላይ የክብ ጠረጴዛው ጉባኤ ተከፈተ። ቤት ውስጥ የሚናከሱት የኮንጎ ፓርቲዎች እዚያ ግን አንድ ግንባር ፈጥረው ቀን ይቆረጥልን አሉ። ቤልጂየም ደግሞ ፈረንሳይ አልጄሪያ ውስጥ የገባችበትን ጦርነት እያየች ስለነበር አልተከራከረችም። በሳምንቱ፣ ጃንዋሪ 27፣ ቀኑ ተቆረጠ። አምስት ወር።

እኔ ግን አምስት ወር ለቆጠራው ያንስ ነበር ብዬ አላምንም። ቀኑንና ሕገ መንግሥቱን የሚመለከተው ጉባኤ መሪዎቹ ባሉበት ተካሄደ። ገንዘቡን የሚመለከተው ሁለተኛው ጉባኤ ግን የተጠራው በኤፕሪል መጨረሻ፣ ልክ በምርጫ ቅስቀሳ መሐል ነው። ታላላቆቹ ፖለቲከኞች መራጭ ፍለጋ አገር ቤት ቀሩ፤ ብራስልስ የሄዱት በብዛት ተማሪዎችና ምክትሎች ናቸው። ከእነሱም አንዱ ኋላ አገሪቱን የገዛው ሞቡቱ ነበር። በዕዳ፣ በኩባንያዎችና በአክሲዮን ጉዳይ የቤልጂየምን ባንክና ማዕድን በቃላቸው ከሚያውቁ ሰዎች ጋር የተደራደሩት እነዚህ ናቸው።

ውጤቱን ካታንጋ በተባለው የደቡብ ኮንጎ ክፍለ ሀገር መዳብ ላይ ማየት ይቻላል። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ዩኒየን ሚኒየር በተባለው የማዕድን ኩባንያ ውስጥ ድምፅ የነበረው በአንድ ልዩ ኮሚቴ በኩል ነው። ከኮሚቴው ሁለት ሦስተኛው የመንግሥት፣ አንድ ሦስተኛው የግል ባለሀብቶች ድርሻ ነበር። ኮሚቴው አንድ ሆኖ ድምፅ ሲሰጥ ኩባንያው ውስጥ የሚቋቋመው አልነበረም። ነፃነቱ ሊታወጅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ቤልጂየም ኮሚቴውን አፈረሰችና አክሲዮኑን አከፋፈለች። አዲሱ መንግሥት ድርሻውን ወረሰ፣ ወሳኙን ድምፅ ግን አጣ። የወረሰው የአክሲዮን ሰነድ ራሱ እስከ 1965 ድረስ እጁ አልገባም።

ስለ ሲቪል አስተዳደሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ይበቃል። ከ4,000 በላይ ከሆኑት የበላይ ሹመቶች ኮንጎአውያን የያዙት ሦስቱን ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምሩቃኑ ከ30 አይበልጡም፤ ከእነሱ ውስጥ አንድም ሐኪም የለም።

ሁሉንም የሰበረው ሠራዊቱ ነው። ፎርስ ፑብሊክ 25,000 ያህል ወታደር ነበረው፤ መኮንኖቹ ወደ 1,000 የሚጠጉ ቤልጂየማውያን። ለአንድ ኮንጎአዊ ጣሪያው የበታች ሹምነት ነው። ጁን 30 ላይ ይህ አልተነካም። ትናንት ጸሐፊ የነበረው ዛሬ ሚኒስትር ሆኖ በመኪና ሲያልፍ ወታደሩ በዚያው ማዕረግ፣ በዚያው አዛዥ ሥር ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል። ማጉረምረም ሲጀመር አዛዡ ጄኔራል ጃንሰንስ ጁላይ 5 ጠዋት ሌዎፖልድቪል ካምፕ ውስጥ ሰው ሰበሰበና ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጻፈ፦ «ከነፃነት በፊት = ከነፃነት በኋላ»። ያንኑ ዕለት እዚያውም ቲስቪል በሚገኘው ካምፕም ወታደሩ አልታዘዝም አለ። የእኩልነት ምልክቷ በመሐል የተሰመረችበትን ያን ሰሌዳ ሳስብ አንጀቴ ይቃጠላል። ጄኔራሉ የጻፈው የተሳሳተ ነገር አልነበረም፤ ለወታደሩ ነገሩ በእርግጥ እኩል ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሉሙምባ ወታደሩን ሁሉ አንድ ማዕረግ አሳደገ፣ ጃንሰንስን አባረረ፣ ሉንዱላን አዛዥ፣ ሞቡቱን ኤታማዦር ሹም አደረገ። ሞቡቱ ከሠራዊቱ በ1956 ወጥቶ ጋዜጠኛ የሆነ የቀድሞ የበታች ሹም ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ከዚህ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? ጋና ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ያሳዝናል። ንክሩማ ነፃነቱ በ1957 ሲደርስ ስድስት ዓመት መንግሥት መርቶ ነበር፤ ጦሩንም ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት እንግሊዛዊ ጄኔራል ቢመራው የሚተኩት ጋናውያን መኮንኖች ከሥር እየሠለጠኑ ነበር።

ከዚያ የሆነው በቀን ሳይሆን በሰዓት የሚቆጠር ነው። ጁን 29 በተፈረመው የወዳጅነት ውል መሠረት በካሚናና በኪቶና የጦር ሰፈሮች የቀረው የቤልጂየም ጦር መንቀሳቀስ የሚችለው የኮንጎ የመከላከያ ሚኒስትር ሲጠይቅ ብቻ ነበር። የመከላከያ ሚኒስትሩ ራሱ ሉሙምባ ነው። አልጠየቀም። ጁላይ 10 ጦሩ የካታንጋ ዋና ከተማ ኤልሳቤትቪል ገባ፤ በማግስቱ የክፍለ ሀገሩ መሪ ቾምቤ ካታንጋን ገነጠለ፤ ዩኒየን ሚኒየርም ግብሩን ለእሱ መክፈል ጀመረ። ጁላይ 14 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 143 የተባበሩት መንግሥታት ጦር እንዲላክ ፈቀደ። የኢትዮጵያ ወታደሮች ቀድመው ከደረሱት መካከል ነበሩ። ከ1962 እስከ 1963 ጠቅላላውን ኃይል ያዘዙት ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ናቸው፤ የካታንጋም መገንጠል ያከተመው በእሳቸው ጊዜ፣ ጃንዋሪ 1963 ላይ ነው።

ሕጉም ራሱ ወጥመድ ነበረበት። ሜይ 19 የጸደቀው መሠረታዊ ሕግ በቤልጂየም ሕገ መንግሥት አምሳያ የተሰፋ ነው። አንቀጽ 22 ርእሰ ብሔሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይሾማል፣ ይሽራልም ይላል። ቤልጂየም ውስጥ ንጉሡ ይህን ሥልጣን በራሱ ፈቃድ እንደማይጠቀምበት ከልማድ ይታወቃል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ልማድ አይጻፍም። ኮንጎ የተላከው ወረቀቱ ብቻ ነው። ሴፕቴምበር 5 ማታ ርእሰ ብሔሩ ካሳቩቡ ሬዲዮ ጣቢያ ሄዶ ሉሙምባን ሻረ። ትእዛዙ የሚጸናው ሚኒስትር አብሮ ሲፈርምበት ስለሆነ ከሉሙምባ ካቢኔ ሁለት ሰው፣ ቦምቦኮና ዴልቮ፣ ፈረሙለት። ሉሙምባም በዚያው ሬዲዮ ካሳቩቡን ሻርኩት አለ። የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ሁለቱንም ሽረቶች ውድቅ አደረገ፤ ግን ማን ይስማው? ሴፕቴምበር 14 ሞቡቱ ሁለቱንም ፖለቲከኞች አግጃለሁ አለ። የተቀጣጠለው ሠራዊት በእጁ ነበር።

ሉሙምባ ጃንዋሪ 17 ቀን 1961 ካታንጋ ውስጥ ከሁለት ጓዶቹ ጋር ተረሸነ። ረሻኞቹን ያዘዙ ቤልጂየማውያን መኮንኖች ነበሩ። ኋላም ሬሳዎቹ ተቆራርጠው በአሲድ እንዲሟሙ ተደረገ። ይህን ከፈጸሙት አንዱ የሆነው ቤልጂየማዊ ፖሊስ አንድ ጥርስ ይዞ አገሩ ገባ። ጥርሱ በ2016 ከቤተሰቡ እጅ ተያዘ። ጁን 20 ቀን 2022 ብራስልስ ላይ፣ በትንሽ ሰማያዊ ሳጥን ሆኖ፣ ለሉሙምባ ልጆች ተሰጠ። ሳጥኑ በሬሳ ሣጥን ውስጥ ገብቶ አገር ለአገር ዞረ፣ ኪንሻሳ ውስጥም በመካነ መቃብሩ ዐረፈ። የቀብሩ ቀን ጁን 30 ነበር፤ ሰኔ 23።