ሁለቴ የሠራሁት የወይን መደርደሪያ

ታላቅ እህቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አነስ ያለች ምግብ ቤት ስትከፍት ሁለት ነገር ጠየቀችኝ፤ የመብራት መስመር እንድዘረጋላትና የወይን መደርደሪያ እንድሠራላት። የመብራቱ ሙያዬ ስለሆነ በሁለት ቀን አለቀ። መደርደሪያው ሁለት ወር ፈጀ።

እንጨት ሥራ እሞካክራለሁ። አልጋ ጠግኛለሁ፣ የጫማ መደርደሪያ ሠርቻለሁ። «ምን አላት፣ ጠርሙስ መያዣ አይደለች?» ብዬ ነው የገባሁበት።

ገና ሳንጀምር ተጨቃጨቅን። እህቴ ጠርሙሶቹ እንደ ቢራ ቆመው እንዲታዩላት ፈለገች። «ሰው ስሙን ካላነበበ ምን ብሎ ያዛል?» አለችኝ። ቡሽ ያለው ወይን ግን መተኛት አለበት። ቆሞ ከከረመ ቡሹ ይደርቅና ይኮማተራል፣ አየር ይገባል፣ ወይኑ ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ለመድረቅ ማን ብሎት! የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ቢቆምም ግድ የለም። በዚሁ ታረቅን፦ 24 ጠርሙስ ይተኛሉ፣ ከላይ ለዓይን አራት አምስት ይቆማሉ።

መጋላ ገበያ ሄጄ የዋንዛ ጣውላ ገዛሁ። ዋንዛ ለመላግ ይመቻል፣ መልኩም ያምራል። ሻጩ «ደረቅ ነው አቦ፣ ወላሂ!» አለኝ። አመንኩት። መደርደሪያው ቆሞ አሥር ቀን ሳይሞላው ጎኖቹ ተጣመሙ። መጋጠሚያዎቹ ከመላቀቃቸው የተነሳ ሳንቲም ያስገቡ ነበር።

ያኔ ነው ሰፈራችን ያሉት ሽማግሌ አናጺ ጋ የሄድኩት። ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። በጠዋት ነው የሄድኩት፤ የድሬ ከሰዓት የበርጫ ነው፣ ሥራ ላይ ማንንም አታገኝም። ሐጂ ከተረፈኝ ጣውላ አንዱን አንስተው ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት። ከዚያ እሱንም የራሳቸውንም ጣውላ በየተራ የእኔ ጉንጭ ላይ አደረጉ። የእኔው ቀዝቀዝ ይላል፣ የእሳቸው ለብ ይላል። «ቀዝቃዛው ገና ውሃ አለበት ልጄ» አሉኝ።

«ለመሆኑ የምን መደርደሪያ ነው?»

«የጠርሙስ» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

ሳቁ። «የጠየቅኩህ ክብደቱን ነው። ሙሉ ነው ባዶ?»

አስቤው አላውቅም ነበር። ሙሉ ጠርሙስ 1.2 ወይም 1.3 ኪሎ ይመዝናል። 24ቱ 30 ኪሎ ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያውን በምስማር ብቻ ነበር የያዝኩት።

አዲስ ጣውላ ገዛሁ፤ በዚህኛው ዙር ግን ጉንጬን አስነክቼ። ቢሆንም ጥላ ውስጥ፣ በየመሀሉ ቀጭን ቁራጭ እየጣልኩ አየር እንዲያገኘው ደርድሬ አንድ ወር አቆየሁት።

ጠርሙሱ የሚያርፍበትን ግማሽ ክብ አንድ በአንድ በመጋዝ መቁረጥ ያሳብዳል። ዘዴው እንዲህ ነው። 14 ሳንቲ ስፋት ያለው ጣውላ መሀል ለመሀል መስመር ታሰምራለህ። መስመሩ ላይ በየ10 ሳንቲው፣ ድሪል ላይ በሚገጠም ክብ መጋዝ 8 ሳንቲ ቀዳዳ ትበሳለህ። ከዚያ ጣውላውን በመስመሩ ላይ ለሁለት ትሰነጥቀዋለህ። ሁለት እኩል ጣውላ፣ ስድስት ስድስት ግማሽ ጨረቃ ያለው! ይሄ የኋላውን፣ ማለትም የጠርሙሱን ሆድ ይይዛል። ለአንገቱ ደግሞ ከፊት፣ በዚሁ ዘዴ 4 ሳንቲ ቀዳዳ ተበስቶ የተሰነጠቀ ጠበብ ያለ ጣውላ።

እዚህ ላይም ተሸወድኩ። የፊቱ ጣውላ ስለሚጠብ፣ ሁለቱን ከታች እኩል አድርጌ አሰርኳቸው። ጠርሙሶቹ በአንገታቸው ተደፉ፣ አንዱ ሊወድቅ ሲል በጉልበቴ ነው የያዝኩት። እኩል መሆን ያለበት የላይኛው ጫፍ ነው። እሱ ከተስተካከለ ጠርሙሱ ልክ ይተኛል። ሁሉንም ፈትቼ እንደገና በኮላና በብሎን አሰርኩ።

ደግሞ የለካሁት በአንድ ጠርሙስ ነበር። የተለመደው ወፍራሙ ጋ 7.5 ሳንቲ ገደማ ነው። አረፋ ያለው ወይን ሲመጣ ግን 9 ሳንቲ ይደርሳል፣ አልገባ አለ። የታችኛውን ረድፍ አውጥቼ አምስት ሰፋፊ ቀዳዳ ብቻ አደረግኩበት። 24 ያልኳት 23 ሆነ። እህቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ትቆጥርለታለች።

የቀረው ቦታው ነበር። እህቴ ከመንገድ እንዲታይ በር አጠገብ፣ ምዕራብ በኩል ባለው ግድግዳ አስቀመጠችው። አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግድግዳውን ብነካው ምጣድ ነው። ወይን የሚስማማው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ነው፤ ድሬ ውስጥ ማቀዝቀዣ ማሽን ከሌለ ይሄን ማግኘት ዘበት ነው። ሐረር ቢሆን ከፍታው ያግዝ ነበር። ቢያንስ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ እንዳይልበት ብዬ ወደ ውስጠኛው ክፍል አዛወርኩት። ቤቱ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከመጣ በኋላ ከተሠሩት ከነዚያ ጣሪያቸው ከፍ፣ ግድግዳቸው ወፈር ካለ የከዚራ ቤቶች አንዱ ነው፤ እዚያ ውስጥ እጅህን ግድግዳው ላይ ብታደርግ ደስ ይላል። እንዳይወድቅም በብሎን ከግድግዳው ጋር አሰርኩት። እህቴ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

አሁን አንድ የእሷ ደንበኛ ተመሳሳይ አዞኛል። ጣውላው አልጋችን ሥር ተደርድሮ እየደረቀ ነው። ባለቤቴ መቼ እንደሚወጣ በየማለዳው ትጠይቀኛለች፣ እኔም ጎንበስ ብዬ ጉንጬን አስነካለሁ።