ፊቱ ሌላ፣ ጓሮው ሌላ
ዛሬ ባዝ ዋልኩ፤ ጃንሆይ በስደት የከረሙባት የእንግሊዝ ከተማ። እግሬ የጣለኝ ግን ሮያል ክሬሰንት ነው። ከ1767 እስከ 1774 (እ.ኤ.አ.) በአርክቴክቱ በታናሹ ጆን ዉድ ፕላን የተሠሩ 30 ቤቶች፣ ማር በመሰለ ድንጋይ፣ ግማሽ ጨረቃ ሠርተው ተያይዘው ቆመዋል። ከፊት አንድ ቤተ መንግሥት ነው የሚመስሉት። ዞሬ ጀርባቸውን ሳይ ግን ሳቄ መጣ። አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ፣ መስኮቱ እንዳሻው! ለካ ቤቱን የሚገዛው ሰው ፊቱን እንዳለ ተቀብሎ የኋላውን በራሱ አርክቴክት ነበር የሚያሠራው። የኛ ሰፈር ቪላ ትዝ አለኝ፤ ፊቱ እምነበረድ፣ ጓሮው ቆርቆሮ።

ክሬሰንቱ አሁን በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ ቤት ቁጥር 1 ሙዚየም ሆኗል። ኩሽናው ግድግዳ ላይ የእንጨት መንኮራኩር ተሰቅሏል። ድሮ ውሻ ውስጡ እየሮጠ እሳት ላይ ያለውን ሥጋ ያዞርበት ነበር። ጠረኑን እየማገ! ምስኪን።