ሮንዴላ ያጋለጠው የወገብ ሕመም

አጎቴ ሮንዴላን፣ ማለትም ከቡሎን ራስ ሥር የሚገባውን ቀለበት፣ የሚቆጥሩት ከጌጥ ነው። ለዓመታት የጭነት መኪና እየነዱ ከጎንደር መተማ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው በመሆናቸው፣ በእርሳቸው ዘንድ የሚያፈስ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛው የከመነዳሪ ቁራጭ፣ ሁለተኛው ጉልበት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢያችን የሞተር ሳይክሌን ዘይት ልቀይር ስሰናዳ፣ «ለዚህማ እኔ እያለሁ!» ብለው መፍቻውን ከእጄ ወሰዱ። ሥራቸው እስከ እኩሌታው ድረስ የሚነቀፍ አልነበረም። ዘይት ሲሞቅ ቀጥኖ ከነቆሻሻው ስለሚወርድ ሞተሩን ጥቂት አስነሥተው አሞቁት፤ ከዚያም ከሥር ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን ፈትተው እስከ መጨረሻው ጠብታ አንጠፈጠፉት። በቡሎኑ ላይ የነበረው የመዳብ ሮንዴላ ግን ተጨፍልቆና በአንድ ጎኑ ተሰንጥቆ ወጣ። ፒያሳ ሄጄ አዲስ ልግዛ ብል ተቆጡ። «አጼ ፋሲል ያንን ሁሉ ግንብ ሲያቆሙ ሮንዴላ ገዝተዋል?» አሉኝ። (መልሱ ነበረኝ፤ ግንቡ የቆመው በኖራ ነው፤ ኖራውም በድንጋይና በድንጋይ መካከል ገብቶ፣ ሮንዴላ በብረትና በብረት መካከል የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ነገር ግን መፍቻ ከጨበጠ አጎት ጋር ክርክር አይገጠምም።)

የማፍሰሻ ቡሎን ዘይት የሚያግደው በጥርሱ አይደለም። ጥርሱ ቡሎኑን ሰቅዞ ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም፤ ዘይቱን የሚያቆመው በቡሎኑ ራስና በሞተሩ አካል መካከል የሚገባው ለስላሳ ሮንዴላ ሲሆን፣ ቡሎኑ ሲጠብቅ በመጠኑ ተጨፍልቆ ዓይን የማያያቸውን ጭረቶች ይሞላል። መዳብ አንዴ ከተጨፈለቀ ስለሚጠነክር፣ ዘይት በተቀየረ ቁጥር አዲስ ይደረጋል፤ አለዚያም በእሳት ግሎ እንዲለሰልስ ይደረጋል። አጎቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ ከአሮጌ ከመነዳሪ ላይ ክብ ቆርጠው አወጡ፤ ጥርሱንም የውኃ ቧንቧ በሚጠቀለልበት ነጭ ቴፍሎን ጠቀለሉት። እንደኔ ላለች 125 ሲሲ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ገደማ ማጥበቅ በቂ ሆኖ ሳለ፣ በመፍቻው እጀታ ላይ የብረት ቱቦ ሰክተው ለጭነት መኪና ጎማ የለመዱትን ጉልበት አዋሉበት። የአሉሚኒየሙ ጥርስ አለመበላቱን ዛሬም ድረስ እንደ ተአምር እቆጥረዋለሁ።

ሌሊቱን አንዲት ጠብታ አልወረደችም። አጎቴ በማለዳ ተነሥተው ከሥሩ በጣታቸው ዳስሰው፣ ደረቁን ጣት ለእኔም ለአክስቴም አሳዩን።

ያ ቀን እሑድ ነበር፤ የዕድራቸው ስብሰባም ነበረበት። እርሳቸው ግን «ወገቤን አሞኝ ተኝቻለሁ» የሚል መልእክት ልከው፣ የእጃቸውን ዋጋ በጥብስ እንድከፍላቸው ወደ ማራኪ ሰፈር ውሰደኝ አሉኝ። ጋቢያቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ ሞተሩ በሩ ላይ ተነሥቶ ይጠብቅ ነበር። የከመነዳሪ ጎማ የሞተር ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳልም፤ ትኩሳት ሲጨመርበት ከቡሎኑ ራስ ሥር እየተንሸራተተ ይወጣል፤ እርሱ በወጣ መጠን ቡሎኑ ይላላል። እኛ ይህ ሁሉ ከእግራችን ሥር እየተከናወነ በፋሲል ግቢ አጥር ሥር አልፈን በደስታ ወረድን።

ዕድር ደግሞ የታመመ አባሉን ሳይጠይቅ አያድርም። ስብሰባው እንዳለቀ ጸሐፊው ሁለት አዛውንቶች አስከትለው፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው ቤታችን ድረስ መጡ። በሩ ዝግ ነው። ከደጃፉ ላይ ግን ትኩስ ዘይት ተጠራቅሟል፤ ከዚያም ጠብታው ተከታትሎ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። ጸሐፊው ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ጋራዥ ይሠሩ ስለነበር፣ ከሕመምተኛው ይልቅ ለሞተሩ አዘኑ። አንድ ሊትር ገደማ የምትይዝ ሞተር እንዲህ እያንጠባጠበች ሩቅ እንደማትሄድ ስለሚያውቁ፣ «ሳይቃጠል እንድረስለት» ብለው ባጃጅ አስቁመው ጠብታውን ተከተሉ።

የደረሱት አጎቴ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ሁለተኛውን ጥብስ በሚያዝዙበት ሰዓት ነው። ጸሐፊው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ሞተሩ ሥር ተንበርክከው፣ ያበጠውን ጎማና የተበጣጠሰውን ቴፍሎን ጎትተው አወጡና ከጥብሱ አጠገብ አስቀመጡት። «የታመመው ይህ ነው?» አሉ። ወዲያው ልጅ ልከን ሮንዴላና ዘይት አስመጣን፤ እርሳቸውም የቡሎኑን ማረፊያ በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው፣ ጥርሱ እንዳይጣመም ቡሎኑን መጀመሪያ በእጃቸው አዙረው ካስገቡ በኋላ፣ በአጭር መፍቻ፣ ያለ አንዳች ትግል አጠበቁት። ዘይቱ ተሞልቶ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከሥሩ ደረቅ መሆኑን አይተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ቀጥሎም የቅጣቱን ደብተር ከኪሳቸው አወጡ።

አጎቴ ወደ እኔ ጠቁመው፣ «ሞተሩ የዚህ ልጅ ስለሆነ ቅጣቱን ከእርሱ ተቀበሉ» አሏቸው።

«ሞተሩስ የእርሱ ነው፤» አሉ ጸሐፊው እየጻፉ፣ «ወገቡ ግን የእርስዎ ነው።»