በጥቁር ሦስት ማዕዘን ስለሚጠበቁ መድኃኒቶችና በጄሶ ስለሚጠበቁ ግድግዳዎች

ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት የሚሠራ እንደ እኔ ያለ ፋርማሲስት በአከፋፋይ ከሚገቡት መድኃኒቶች ሌላ ዘመድ ከውጭ አገር በሻንጣ ያመጣቸውንም በየጊዜው ማየቱ አይቀርም። ከአውሮፓ ከሚመጡት መካከል አንዳንዶቹ በማብራሪያ ወረቀታቸው መጀመሪያ ላይ ጫፉ ወደ ታች የዞረ ጥቁር ሦስት ማዕዘን አላቸው። ከጎኑ ያለው ጽሑፍ መድኃኒቱ ተጨማሪ ክትትል የሚደረግበት መሆኑን ገልጾ የጎንዮሽ ጉዳት ያጋጠመው ሁሉ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ምልክቱን እንግሊዞች ከ1976 ጀምሮ ሲጠቀሙበት ቆይተዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2013 ለአባል አገሮች ሁሉ የጋራ አድርጎታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በኅብረቱ አሠራር መሠረት ከ2011 መግቢያ በኋላ የተፈቀደ አዲስ ንጥረ ነገር የያዘ መድኃኒት፣ አዲስ ሥነ ሕይወታዊ ምርት፣ ማስረጃው ተሟልቶ ሳያልቅ በቅድመ ሁኔታ የተፈቀደ መድኃኒት፣ እንዲሁም አምራቹ ከፈቃድ በኋላ የደኅንነት ጥናት እንዲያካሂድበት የታዘዘ መድኃኒት በዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ይቆያል፤ የታዘዘው ጥናት ካልተጠናቀቀ ግን ቆይታው ሊራዘም ይችላል። እኔን የሚማርከኝ ይህ የጊዜ ገደብ ነው። ገደብ የሌለው ክትትል ሲውል ሲያድር ልማድ ይሆናል፤ ልማድ የሆነን ነገር ደግሞ ማንም ልብ ብሎ አያየውም።

እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳው ስሌት ቀላል ነው። አንድ መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት የሚሞከርባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሺሕ አይበልጡም። ከ1,000 ሰዎች አንዱን ብቻ የሚያገኝ ጉዳት ቢኖር፣ ያን ጉዳት ቢያንስ አንድ ጊዜ የማየት ዕድላችን 95 በመቶ እንዲሆን 3,000 ያህል ሰዎችን መከታተል ያስፈልጋል፤ ከ10,000 አንዱን የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ 30,000። በዚያ ላይ ነፍሰ ጡሮች፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎችና ሁለት ሦስት በሽታ ያለባቸው ታካሚዎች በሙከራው እምብዛም አይካተቱም፤ መድኃኒቱ ሲፈቀድ ግን እነሱም ይወስዱታል። ነፍሰ ጡሮችም ይወስዱት የነበረው ታሊዶማይድ የተባለ የማስተኛ መድኃኒት በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለሽያጭ ቀርቦ እስከ 1961 መጨረሻ ድረስ ሲሸጥ በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጎድሎ መወለዳቸው ይታወቃል። በየከተማው ያሉ ሐኪሞች ያዩትን በአንድ ቦታ የሚያጠራቅም አካል በጊዜው አልነበረም። የጎንዮሽ ጉዳት የሚታወቅበት የእንግሊዝ ቢጫ ካርድ በ1964፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ የመድኃኒት ክትትል ፕሮግራም ደግሞ በ1968 የተጀመሩት ከዚህ የተነሣ ነው። ኢትዮጵያ የፕሮግራሙ ሙሉ አባል የሆነችው በ2008 ነው።

ምልክቱ በተጠቃሚ ዘንድ የሚፈጥረው ስሜት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንዲት እናት ልጃቸው ከጣሊያን የላከችላቸውን መድኃኒት ይዘው መጥተው ወረቀቱን በጣታቸው እያመለከቱ «ልጄ፣ ይህ ጥቁሩ ነገር ምንድን ነው? የልጅ ልጄ አይቶ ‹አደገኛ ነው› ስላለኝ ትቼዋለሁ» አሉኝ። «እማማ፣ አደገኛ ነው ማለት አይደለም። መድኃኒቱ አዲስ ስለሆነ የሚወስዱት ሰዎች ምን እንደተሰማቸው ጠይቁ፣ ጻፉ ለማለት ነው። ሐኪምዎ ሳያውቁ ባይተዉት ጥሩ ነበር» ብዬ ላስረዳቸው ሞከርሁ። እሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው «ታዲያ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ የረባ መልስ አልነበረኝም። መድኃኒቱ በሻንጣ የመጣ በመሆኑ ያዘዘላቸው ሐኪም ከእሳቸው ጋር የለም፤ እኛም አልሸጥነውም፤ ወረቀቱ ሪፖርት እንዲላክለት የሚጠቁመው መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላ አገር ነው ያለው።

እዚህ አገር ለዚህ የተዘጋጀው መንገድ የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የሚያሰራጨው ቢጫ ቅጽ ነው፤ በስልክ መተግበሪያም መላክ ይቻላል። ቅጹ ብዙ አይጠይቅም። ታካሚውን የሚለይ ነገር (ስሙ ሳይሆን የካርድ ቁጥሩ ወይም የስሙ መነሻ ፊደላት)፣ የተጠረጠረው መድኃኒት፣ የደረሰው ጉዳትና የላኪው ማንነት ካሉ ሪፖርቱ ተቀባይነት አለው። ጉዳቱ በዚያ መድኃኒት ምክንያት መድረሱን ማረጋገጥ የላኪው ሥራ አይደለም፤ ጥርጣሬ ይበቃል። ብዙ ባልደረቦቼ ግን እርግጠኛ እስክንሆን እንጠብቅ እያሉ ሳይልኩ ይቀራሉ።

ከቅጹ ጥያቄዎች ሁሉ ባዶ ሆኖ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለየው የባች ቁጥር ነው። ይህም ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። በእኛ መድኃኒት ቤቶች ስትሪፕ በመቀስ እየተቆረጠ በፍሬ ይሸጣል፤ የባች ቁጥሩና የማብቂያ ጊዜው የሚታተሙት በአብዛኛው በስትሪፑ አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ገዢ ስድስት ፍሬ ቆርጠንለት ሲሄድ ቁጥሩ ያለበት ጫፍ አንድም አብሮት ይሄዳል፣ አንድም እኛ ጋ ይቀራል። አራት ፍሬ የወሰደው ሰው ማታ ሰውነቱ ቢያብጥና ተመልሶ ቢመጣ በእጁ ያለው የብር ቀለም ያለው ቁራጭ ምንም አይናገርም። የባች ቁጥር በሌለበት ጉዳቱ ከመድኃኒቱ ባሕርይ የመጣ ይሁን ከአንድ ዙር ምርት ብልሽት ለመለየት አይቻልም። ታካሚው ከመድኃኒቱ ጋር ዳማከሴ ወይም ጥቁር አዝሙድ ይወስድ እንደሆነም ካልጠየቁት በራሱ አይነግርዎትም፤ እሱ እነዚህን ከመድኃኒት አይቆጥራቸውም።

በፈቃደኝነት የሚላክ ሪፖርት፣ በጥንቃቄ የተሞላም ቢሆን፣ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ስንት ሰው እንደተጎዳ ይናገራል እንጂ ከስንት ሰው መካከል እንደሆነ አይናገርም። ይህን ልዩነት ቦትስዋና ውስጥ ከሆነው የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። በዚያ አገር ከ2014 ጀምሮ በመንግሥት ማዋለጃ ክፍሎች አዋላጆች የተወለደውን እያንዳንዱን ሕፃን እየመረመሩ፣ እናቲቱ ስትፀንስ የትኛውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ትወስድ እንደነበር እየመዘገቡ ቆዩ። በግንቦት 2018 ዶሉቴግራቪር እየወሰዱ ከፀነሱ እናቶች ከተወለዱ 426 ሕፃናት አራቱ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር አፈጣጠር ጉድለት እንደነበረባቸው ታወቀ። ይህ ወደ 0.9 በመቶ ይጠጋል፤ ሌሎች መድኃኒቶችን ይወስዱ በነበሩት ዘንድ የታየው ግን 0.1 በመቶ ገደማ ነበር። ማስጠንቀቂያው ወዲያው ወጣ፤ በብዙ አገሮች መውለድ በሚችል ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ከሌሎች መድኃኒቶች የተሻለውን ዶሉቴግራቪርን እንዳይጀምሩ ተደረገ። ቫይረሱ በደማቸው ያለ አፍሪካውያን ሴቶች በሐምሌ 2018 ኪጋሊ ላይ ተሰብስበው መረጃው ተነግሯቸው ራሳቸው እንዲመርጡ ጠየቁ፤ ለእኔ ትክክለኛው አቋም የእነሱ ነበር።

አዋላጆቹ ግን መቁጠራቸውን አላቆሙም። በ2019 ቁጥሩ ከ1,683 ሕፃናት አምስት ሆነ፤ ማለትም ወደ 0.3 በመቶ ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር መድኃኒቱ መውለድ የሚችሉ ሴቶችን ጨምሮ ለሁሉም በቅድሚያ የሚመረጥ እንዲሆን መከረ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት መዝገቡ ሲሰፋ ልዩነቱ እየጠፋ ሄደ። ማንቂያውንም ሆነ ምሕረቱን የሰጠው ያው መዝገብ ነው። በተበታተኑ ሪፖርቶች ብቻ ብንሄድ ኖሮ ጥርጣሬው ሊነሣ ይችል ነበር፤ ጥርጣሬውን የሚያስወግድ መረጃ ግን ከየት ይገኝ ነበር? ዛሬ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስዱ እናቶች የዚያ ቆጠራ ተጠቃሚዎች ናቸው።

ስለ ተጨማሪ ክትትል ሳስብ ከመድኃኒት ወደ መሐንዲሶች ሥራ የምሻገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለዚህች ከተማ ነዋሪ የቅርቡ ቁስል መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (እንደ አገራችን አቆጣጠር) ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የበረራ ቁጥር 302 ነው፤ 157 ሰዎች አልቀዋል። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ሲሆን ከሚመጣው አየር አንጻር ያለውን አንግል የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ነበሩት፤ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ሥርዓት ግን የሚያነበው ከአንዱ ብቻ ነበር። በዚያ በረራ የግራው 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ያሳይ ነበር። ሁለቱን የሚያነጻጽር ሥርዓት ቢኖር አንዱ መሳሳቱን ለማወቅ ቅጽበት ይበቃው ነበር። ሁለቱ ሲለያዩ ለአብራሪው ማሳወቅ የነበረበት ምልክትም በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ላይ አይሠራም ነበር፤ አምራቹ ይህን ከ2017 ጀምሮ እያወቀ ማስተካከያውን ለ2020 ቀጥሮት ነበር።

ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላው ነው። ከዚያ አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተመሳሳይ የላየን ኤር አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ወድቋል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከዚያ በኋላ ባካሄደው የውስጥ ስሌት ማስተካከያ ካልተደረገ በዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች የአገልግሎት ዘመን ወደ 15 የሚጠጉ ተጨማሪ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቶም፣ ለአብራሪዎች አስቀድሞ ባወጣው መመሪያ ተመርኩዞ በረራው እንዲቀጥል ፈቀደ። እዚህ ላይ ክትትል አልነበረም ማለት አይቻልም። የጎደለው ከየትኛው ቁጥር በላይ ሲታይ አውሮፕላኑ መሬት ላይ እንደሚቆይ አስቀድሞ ተወስኖ የተቀመጠ ወሰን ነበር።

ይህን ወሰን በዓይኔ ያየሁት በቁፋሮ ሥራ ላይ ነው። ከፒያሳ እስከ ሠንጋ ተራና ለገሃር ድረስ አዲስ ሕንፃ በተጀመረ ቁጥር ለምድር ቤት በጥልቀት ይቆፈራል፤ አጠገቡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚኖርበት ወይም የሚሠራበት የቆየ ሕንፃ አለ። ሲቪል መሐንዲስ የሆነው የእኅቴ ባል አንድ ቀን እንዲህ ካለ ቦታ ወስዶ የጎረቤቱን ግድግዳ አሳየኝ። በስንጥቁ ላይ አግድም የመዳፍ ስፋት ያለው ጄሶ ተለጥፏል፤ በላዩ ላይ የተለጠፈበት ቀን በእርሳስ ተጽፏል። «ጋሼ፣ ይኼ ምን ይሠራል?» ስለው «ጄሶ አይሳሳብም፤ ግድግዳው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል። መንቀሳቀሱን ይነግርሃል፣ ምን ያህል እንደሆነ ግን አይነግርህም» አለኝና ትንሽ ራቅ ብሎ በሁለት ብሎን የታሰረች፣ በሚሊሜትር የተከፋፈለች ግልጽ ሰሌዳ አሳየኝ። ቢጫው ቅጽ ጄሶው፣ የቦትስዋናው መዝገብ ደግሞ ያቺ ሰሌዳ መሆናቸው የታየኝ ያኔ ነው።

በዚያ ቦታ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ሁለት ወሰኖች ነበሩት። የመጀመሪያው ሲታለፍ ንባቡ በቀን አንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ በየጥቂት ሰዓቱ ይሆናል፤ ሁለተኛው ሲታለፍ ቁፋሮው ይቆማል። ሥራ ተቋራጩና አማካሪ መሐንዲሱ የፈረሙበት ገና ኤክስካቫተር ሳይገባ ነው። ባለቤቱ ቀነ ገደብ ደርሶበት ሲጨነቅ ስለ ወሰኑ ለመከራከር ጊዜው አልፏል ማለት ነው። ዘመዴ ቀደም ሲል የሠራበት ሌላ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ ንባቡ በየማለዳው በደብተር ይጻፍ ነበር፤ ሥራ ይቁም የማለት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ግን አልነበረም። የጎረቤቱ ደረጃ ከግድግዳው ሲለያይ ደብተሩ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ተገኘ።

ግድብ ሠሪዎችም ይህን ያውቁታል፤ ብርቱው ክትትል የሚደረገው ውኃ መጀመሪያ ሲሞላ ነው። በ1976 አሜሪካ ውስጥ የፈረሰው የቲተን ግድብ የፈረሰው በመጀመሪያው ሙሌት ወቅት ነበር። የመድኃኒቱ አምስት ዓመትና የግድቡ የመጀመሪያ ሙሌት በአንድ አስተሳሰብ የተቀመጡ ናቸው።

በእኛ በኩል የሚጎድለው መልስ ነው። ቢጫ ቅጽ የላከ የጤና ባለሙያ ሪፖርቱ ከሌሎች ጋር ተደምሮ ምን እንዳመለከተ የሚገልጽ ሁለት መስመር ቢደርሰው በሚቀጥለው ጊዜ ለመላክ እንደማያመነታ እገምታለሁ። ይህ የባለሥልጣኑ ድርሻ ነው። በመድኃኒት ቤታችን ግን ስትሪፕ ስንቆርጥ የባች ቁጥሩ ያለበትን ጫፍ እስከ መጨረሻው ፍሬ ድረስ እኛ ጋ ማስቀረትና ቁጥሩን በሚሰጠው የወረቀት ከረጢት ላይ መጻፍ ጀምረናል። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ ባለው ግርግር ሰልፍ ያስረዝማል ብለው ስለተቃወሙ ለጊዜው የተስማማነው ወደ ገበያ ከገቡ ብዙም ያልቆዩትን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችንና ደም የሚያቀጥኑትን በማስቀደም ነው፤ አንቲባዮቲኮቹ ላይ ገና እየተከራከርን ነው።